የቀን መለወጫ ስክሪፕቴ በየትኛው ገጽ ላይ ይሥራ?

አንዲት የሐይቅ ሴት በእኔ ጥፋት በአንድ ቀን ስምንት ዓመት አረጁ። ደሴ ፒያሳ ወደምሠራበት የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት መጥተው በኢንተርኔት የሚሞላ ማመልከቻ እንድሞላላቸው ጠየቁኝ፤ እኔም ከፓስፖርታቸው ላይ እያየሁ ሞላሁ፣ ላክሁ፣ ማረጋገጫውንም አትሜ ሰጠኋቸው። በማግሥቱ ወረቀቱን ይዘው የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ፣ የተቀበላቸው ሠራተኛ ወረቀቱን ከፓስፖርቱ ጋር አስተያይቶ መለሳቸው። ፓስፖርቱ ላይ የልደት ቀናቸው 14/03/1975 ይላል፤ እኔ ያተምሁት ወረቀት ግን 05/07/1967 ይላል። ሠራተኛው የተጭበረበረ ሰነድ የያዘ ሰው ያገኘ መስሎት ጥቂት ቃል ሳይናገራቸውም አልቀረም።

ሲሞላ የተሳሳተ ነገር አልነበረም። ወደ መሥሪያ ቤቱ ሰርቨር የደረሰው ቀን ትክክለኛው ነው፤ የተለወጠው በእኔ ስክሪን ላይ የታየውና ከዚያ በፕሪንተሩ የወጣው ብቻ ነው። የለወጠውም እኔው ራሴ የጻፍሁት ትንሽ የተጠቃሚ ስክሪፕት ነው። ብራውዘር የሚያትመው ሰርቨሩ የላከውን ጥሬ ገጽ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ከፊቱ ያለውን ገጽ ስለሆነ፣ ስክሪፕት የነካካው ሁሉ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ይወርዳል። ፈረንጆቹ መጋቢት 5 ቀን 1967 ዓ.ም.ን ማርች 14 ቀን 1975 ይሉታልና ስክሪፕቱ የሒሳብ ስሕተት አልሠራም፤ የሠራው መሥራት በማይገባው ቦታ ነው።

ለማያውቁት ለማስረዳት ያህል፣ የተጠቃሚ ስክሪፕት ማለት የድረ ገጹ ባለቤት ሳይሆን አንባቢው በገዛ ብራውዘሩ ላይ የሚጭነውና ገጹ ሲከፈት መልኩን ወይም ጠባዩን የሚለውጥ አጭር የጃቫስክሪፕት ኮድ ነው። ይህን ልማድ ያስፋፋው አሮን ቡድማን እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ለፋየርፎክስ መሥራት የጀመረው ግሪስመንኪ የተባለ ኤክስቴንሽን (በብራውዘር ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ፕሮግራም) ሲሆን፣ ዛሬ በብዛት የምንጠቀምባቸው ታምፐርመንኪና ቫዮለንትመንኪም የእርሱን ፈለግ የተከተሉ ናቸው። የእኔ ስክሪፕት ሥራው አንድ ነው፤ ገጹ ላይ የፈረንጅ ቀን ሲያገኝ በእኛ አቆጣጠር ይተካዋል። የውጭ ዜና ሳነብ «ይህ ነገር የሆነው በእኛ መቼ ነው?» እያልሁ በጣቴ መቁጠር ስለሰለቸኝ ነው የጻፍሁት። ከፈረንጆቹ ዓመት ላይ ሰባት ወይስ ስምንት ዓመት እንደሚቀነስ ለመለየት፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን አዲሱ ዓመት ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 የሚሻገርበትን ለማስላት፣ ሦስት ሌሊት ሙሉ ተቀምጫለሁ። በየትኛው ድረ ገጽ ላይ እንደሚሠራ ለመወሰን ግን የወሰደብኝ ጊዜ አንዲት መስመር ለመጻፍ የሚበቃ ብቻ ነበር፤ መስመሯም *://*/* ትላለች። ትርጉሟ «በሁሉም» ማለት ነው።

አስቀድሞ ምልክት አይቼ ነበር። ከዚያ በፊት ለወረቀት አቅራቢያችን ኢሜይል ስጽፍ፣ የጻፍሁት ቀን ዓይኔ እያየ ተለወጠብኝ፤ ምክንያቱም የኢሜይል መጻፊያው ሳጥን ለስክሪፕቱ እንደ ማንኛውም የገጽ ጽሑፍ ነው የሚታየው። በዚያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ስክሪፕቱን ከሁሉም ገጽ ማስወጣትና የሚሠራባቸውን መምረጥ ነበር። እኔ ግን ያንን አንድ የኢሜይል ድረ ገጽ ብቻ ከሥራው ውጭ አድርጌ፣ ነገሩን እንደጨረስሁ ቆጠርሁት።

አሁን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ የተማርሁትን ነው። እያንዳንዱ ስክሪፕት ከኮዱ በፊት በአስተያየት መልክ የሚጻፍ ራስጌ አለው፤ ስሙ፣ ስሪቱ፣ የሚጠይቀው ፈቃድና የሚሠራባቸው ገጾች የሚዘረዘሩት እዚያ ነው። ስለ ገጾቹ የሚናገሩት ዋና ቃላት ሦስት ናቸው፤ ማች፣ ኢንክሉድና ኤክስክሉድ። በኮዱ ውስጥ ሲጻፉ በላቲን ፊደል ሆነው ከፊታቸው የ@ ምልክት ይቀድማቸዋል። እኔ እዚህ አድራሻዎችንም በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፤ «ምሳሌ.ኮም» ስል አንባቢ የራሱን ድረ ገጽ ይተካበት።

ማች ጥብቅ ነው፤ ጥብቅነቱም ነው የሚጠቅመው። አድራሻውን በሦስት ከፍሎ ያያል፤ መጀመሪያ ኤችቲቲፒ ወይም ኤችቲቲፒኤስ የሚለውን መግቢያ፣ ቀጥሎ የድረ ገጹን ስም፣ በመጨረሻም ከስሙ በኋላ ከስላሽ የሚጀምረውን መንገድ። በመግቢያው ቦታ ኮከብ ምልክት ብናደርግ ሁለቱን፣ ኤችቲቲፒንና ኤችቲቲፒኤስን፣ ማለታችን ነው። በስሙ ቦታ ኮከብ መቆም የሚችለው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው፤ *.ምሳሌ.ኮም ብንል ዜና.ምሳሌ.ኮምን፣ ስፖርት.ምሳሌ.ኮምን፣ እንዲሁም ብዙ ሰው የማይጠብቀውን ምሳሌ.ኮምን ራሱን ይይዛል። ምሳሌ.* ብሎ መጻፍ ግን አይፈቀድም። ይህ ክልከላ ሲያዩት ያናድዳል፤ ነገር ግን በስሙ መጨረሻ ላይ ኮከብ ቢፈቀድ ማንም ሰው በሌላ መጨረሻ፣ ለምሳሌ በ.ኔት፣ ተመሳሳይ ስም ገዝቶ ስክሪፕታችንን ወደ ራሱ ገጽ ሊጠራው ይችል ነበርና፣ ክልከላው ለእኛው ጥበቃ ነው።

በመንገዱ ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳተው በአንዲት ስላሽ ነው። ኤችቲቲፒኤስ://ምሳሌ.ኮም/ ብለን ብናቆም የሚይዘው የፊት ገጹን ብቻ ነው፤ ውስጡን ሁሉ ለማለት መጨረሻው ላይ ኮከብ መጨመር አለበት። ኤችቲቲፒኤስ://ምሳሌ.ኮም/ዜና/* ብንል ደግሞ በዜና ሥር ያሉትን ገጾች ይይዛል፣ መጨረሻው ላይ ስላሽ የሌለውን የዜና ማውጫ ግን አይዝም። ኮከቡን ከዜና ጋር አጣብቀን ብንጽፈው ማውጫውም ይገባል፤ ነገር ግን «ዜና» ብሎ የሚጀምር ሌላ ክፍል ሁሉ አብሮ ይገባል። ከጥያቄ ምልክት በኋላ ያለው የአድራሻው ክፍል በመንገዱ ውስጥ ይቆጠራል፤ ስለዚህ መጨረሻው ላይ ኮከብ የሌለው መስመር አድራሻው ላይ አንድ ነገር በተጨመረ ቁጥር ይስታል። ከ# ምልክት በኋላ ያለው ግን ከነአካቴው አይታይም፤ በእርሱ ገጽ ለመለየት የሞከረ ሰው በከንቱ ይደክማል።

ኢንክሉድ ከማች የቆየ ነው፤ ልቅም ነው። ኮከቡ የትም ቦታ ሊቆም ይችላል፤ ስላሽን ጨምሮ ማንኛውንም ፊደል ይውጣል። *ምሳሌ.ኮም* ብሎ የጻፈ ሰው ምሳሌ.ኮም ላይ እንዲሠራለት ፈልጎ ነው፤ የተናገረው ግን «ይህ ቃል አድራሻው ውስጥ የትም ቢገኝ» ነው። ሌላ ሰው በገዛ ድረ ገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ ከጥያቄ ምልክት ቀጥሎ ያንኑ ስም ቢጨምር ስክሪፕቱ እዚያም ይነሣል። እኛ አገር ፒያሳ የሌለው ትልቅ ከተማ ጥቂት ነው፤ «ፒያሳ» የሚል ቃል ያለበትን ደብዳቤ ሁሉ ደሴ ፒያሳ የሚያደርስ ፖስተኛ ቢኖር የጎንደሩም የአዲስ አበባውም ደብዳቤ እኛ ሱቅ ይከመር ነበር። ኢንክሉድ በኮከብ ብቻ ሲጻፍ እንዲህ ያለ ፖስተኛ ነው። በሁለት ስላሽ መካከል ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የሚፈለገውን ጽሑፍ ቅርጽ በምልክቶች የሚገልጽ ቀመር) ሊጻፍበት መቻሉ እርግጥ ጥቅም አለው፤ ማች ሊገልጸው የማይችለውን ውስብስብ አድራሻ ይገልጻል። ይሁን እንጂ ነጥብ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን ውስጥ «ማንኛውም ፊደል» ማለት መሆኑን ረስቶ የሚጽፍ ሰው ከኮከቡ ስሕተት አልወጣም።

ሁለቱንም ያልጻፈ ሰውስ? በግሪስመንኪ ደንብ ማችም ኢንክሉድም የሌለው ስክሪፕት በሁሉም ገጽ ላይ እንዲሠራ እንደተፈቀደለት ይቆጠራል። ዝም ማለት መፍቀድ ሆነ ማለት ነው፤ እኔ ይህን ደንብ አልወደውም።

ኤክስክሉድ ከሁለቱም በላይ ሥልጣን አለው። አንድን ገጽ ማች ቢፈቅድና ኤክስክሉድ ቢከለክል ክልከላው ይጸናል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚከተለው፣ እኔም የተከተልሁት መንገድ «በሁሉም ይሥራ፤ ካስቸገረ ቦታ እናስወጣዋለን» የሚል ነው። ጉድለቱ የኤክስክሉድ ዝርዝር ትናንት የጎዳንን ብቻ የሚያውቅ መሆኑ ነው። የሐይቋ እናት ማመልከቻ የተሞላበትን ገጽ እኔ ከዚያን ቀን በፊት ከፍቼው አላውቅም፤ በዝርዝሬ ውስጥ ሊኖርም አይችልም ነበር። *.ጎቭ.ኢቲን በሙሉ ብከለክል በዚያ ስም ሥር ያሉትን የመንግሥት ድረ ገጾች አድን ነበር፤ ነገር ግን የባንኩ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የአየር ትኬቱ፣ የውጭ አገር ኤምባሲው አድራሻ በዚያ አያልቅም። ከሁሉም ላይ እየቀነሱ መኖር ማብቂያ የለውም። ከባዶ ጀምሮ የሚያስፈልገውን መጨመር ግን ቶሎ ያልቃል፤ እኔ ቀኑ እንዲለወጥልኝ የምፈልግባቸው ድረ ገጾች ተቆጥረው አራት ብቻ ሆኑ። ኤክስክሉድን አሁን የምጠቀምበት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእነዚሁ በአራቱ ውስጥ የመግቢያና የምዝገባ ገጾችን ለማስወጣት።

ማች በትክክል ተጽፎም የሚያደናግሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፍሬም ነው። አንድ የዜና ገጽ በውስጡ የሌላ ድረ ገጽ ቪዲዮ፣ የማስታወቂያ ሳጥን ወይም የአስተያየት መስጫ ሊይዝ ይችላል፤ እያንዳንዱ የራሱ አድራሻ ያለው ገጽ ነውና፣ አድራሻው ከራስጌው ጋር ከገጠመ ስክሪፕቱ በእያንዳንዱ ውስጥ ለየብቻ ይነሣል። የእኔ ስክሪፕት በሁሉም ይሠራ በነበረበት ጊዜ አንድ ገጽ ስከፍት አምስትና ስድስት ጊዜ ይነሣ እንደነበር ያወቅሁት ብራውዘሩ ሲከብድብኝ ነው። ራስጌው ላይ ኖፍሬምስ የሚል መስመር ሲጨመር ስክሪፕቱ በላይኛው ገጽ ብቻ ይወሰናል። ለቀን ለዋጭ ይህ ይበቃል፤ በፍሬም ውስጥ ያለን ቪዲዮ ለማስተካከል የተጻፈ ስክሪፕት ግን ይህን መስመር ቢጨምር ሥራውን ያጣል።

ሁለተኛው የዛሬዎቹ ድረ ገጾች ጠባይ ነው። ብዙዎቹ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ስንሄድ ገጹን እንደገና አይጭኑትም፤ ይዘቱን ከውስጥ ቀይረው ከላይ ያለውን አድራሻ ብቻ ይለውጡታል። ስክሪፕት አስተዳዳሪው፣ ማለትም እንደ ታምፐርመንኪ ያለው ኤክስቴንሽን፣ አድራሻውን የሚመረምረው ገጹ ሲጫን ነው። ስለዚህ ለ/ዜና/* ብቻ የተፈቀደ ስክሪፕት፣ አንባቢው በፊት ገጹ ገብቶ ዜና የሚለውን ሲጫን፣ ላይነሣ ይችላል፤ ገጹን ሪፍሬሽ ሲያደርገው ግን ይነሣል። «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ምንጩ ይህ ነው። በተቃራኒውም ይሆናል፤ በዜና ክፍል የተነሣ ስክሪፕት አንባቢው ወደ ምዝገባ ገጽ ሲሻገር አብሮ ይሻገራል፣ ኤክስክሉዱም አይይዘውም። መፍትሔው ማቹን ለዚያ ድረ ገጽ በሙሉ ሰፋ አድርጎ መጻፍና በየትኛው መንገድ ላይ እንደሚሠራ በኮዱ ውስጥ አድራሻውን እያዩ መወሰን ነው። ታምፐርመንኪ አድራሻው ሲለወጥ ለስክሪፕቱ የሚያሳውቅ ዘዴ አለው፤ በሌሎቹ ላይ ለውጡን በራስ ኮድ መከታተል ያስፈልጋል።

እስካሁን ያልሁት ስክሪፕቱን ለሚጽፍ ሰው ነው። የሌላ ሰው ስክሪፕት የሚጭን ግን ራስጌው ውስጥ መግባት አይኖርበትም፤ ባይገባም ይሻላል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የአማርኛ ፊደልን ጎላ አድርጎ የሚያሳይ ስክሪፕት፣ ሰዎች የጻፏቸውን ስክሪፕቶች ከሚያካፍሉበት ግሪዚ ፎርክ ከተባለው ድረ ገጽ አውርዶ፣ ጽሑፉ የተዘበራረቀበትን አንድ ድረ ገጽ ራስጌው ላይ በኤክስክሉድ አስወጣው። ስክሪፕቱ አዲስ ስሪት ሲመጣለት የደራሲው ራስጌ በላዩ ተጻፈበትና የእርሱ መስመር ጠፋ፤ ልጁም ሁለት ቀን ብራውዘሩን ሲረግም ሰነበተ። ይህን የሚያስቀር ቦታ አስተዳዳሪዎቹ ውስጥ አለ። በታምፐርመንኪ የስክሪፕቱን የሴቲንግስ ገጽ ስንከፍት የደራሲው ማችና ኢንክሉድ በአንድ በኩል፣ የተጠቃሚው በሌላ በኩል ተለይተው ተቀምጠዋል፤ ከደራሲው ዝርዝር አንዱን መርጠን ወደ ተጠቃሚው የክልከላ ዝርዝር ማዛወር፣ ወይም የራሳችንን መጨመር እንችላለን። ቫዮለንትመንኪም የደራሲውን መስመሮች እንዳሉ ለማቆየት ወይም ችላ ብሎ የእኛን ብቻ ለመከተል የሚያስችል ምርጫ አለው። እዚያ የተጻፈ ነገር ስክሪፕቱ ሲታደስ አይነካም። እኔ ከሌላ ሰው የወሰድሁት ስክሪፕት «በሁሉም» የሚል ራስጌ ይዞ ከመጣ፣ የመጀመሪያ ሥራዬ ያንን ዘግቼ የራሴን ሁለት ወይም ሦስት ድረ ገጾች መጻፍ ሆኗል።

ከአስተዳዳሪው በላይ ደግሞ ብራውዘሩ አለ። ክሮም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ከወጣው 70ኛ ስሪቱ ጀምሮ አንድን ኤክስቴንሽን በሁሉም ድረ ገጽ፣ በተመረጡት ብቻ፣ ወይም አዶው ሲጫን ብቻ እንዲሠራ መወሰን ይፈቅዳል። አስተዳዳሪው ያልተፈቀደለት ቦታ በውስጡ ያለ ስክሪፕት ሁሉ አይሠራም፤ ራስጌው የፈለገውን ቢል። በቅርብ ጊዜ ስሪቶችም በኤክስቴንሽኑ ዝርዝር ገጽ ላይ የተጠቃሚ ስክሪፕቶችን መፍቀጃ ለብቻው መከፈት አለበት፤ «ስክሪፕቴ በድንገት መሥራት አቆመ» የሚል ሰው መጀመሪያ ይህንን ይመልከት። ለሱቃችን ግን ከዚህ ሁሉ ቀላሉ መፍትሔ ለደንበኛ ሥራ የተለየ የክሮም ፕሮፋይል መክፈት ሆኖ አገኘሁት። እዚያ ውስጥ አንድም ኤክስቴንሽን የለም። የሰው ፓስፖርትና የባንክ ቁጥር የሚሞላበት መስኮት የእኔ የዜና ንባብ ምቾት የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ለአንድ የቀን ለዋጭ ይበዛል የሚል ይኖር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2005 የሆነውን ላስታውሰው። በግሪስመንኪ ውስጥ በተገኘ ቀዳዳ፣ ስክሪፕት የሚሠራበት ገጽ ለስክሪፕቱ የተሰጠውን ልዩ ሥልጣን ሊወስድና በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ ያሉ ፋይሎችን ሊያነብ ይችል ነበር፤ ቀዳዳውን ያጋለጠው ማርክ ፒልግሪም ሲሆን፣ ችግሩ እስኪፈታ 0.3.5 የተባለው ስሪት ያንን ሥልጣን በሙሉ አንሥቶ ወጣ። አንድ የታወቀ ድረ ገጽ ላይ ብቻ የሚሠራ ስክሪፕት የነበረው ሰው ሊጠቃ የሚችለው በዚያ ድረ ገጽ ነበር። «በሁሉም» የሚል አንድ ስክሪፕት የጫነ ሰው ግን በከፈተው ገጽ ሁሉ ተጋልጦ ነበር፤ ስክሪፕቱ ራሱ ምንም ክፉ ነገር ባይሠራም።

የእኔ ስክሪፕት ዛሬ አራት የማች መስመሮች፣ ሁለት ኤክስክሉድና አንድ ኖፍሬምስ አለው። በኮዱ ውስጥም ሰው የሚጽፍባቸውን ሳጥኖች እንዲያልፍ አድርጌዋለሁ፤ በለወጠው ቀን ሁሉ ኋላም «ዓ.ም.» ብሎ ይጽፋል። ይህን ምልክት ቀድሞ ያጠፋሁት በጠባብ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ይይዛል ብዬ ነበር።

እትዬ ከኮምቦልቻ በተመለሱ ዕለት ወንበር ሰጥቼ፣ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርሳቸው እንዳልሆነ አስረድቼ፣ ማረጋገጫውን ከባዶው ፕሮፋይል እንደገና አተምሁላቸው፤ የትራንስፖርታቸውንም ልከፍል ስል «አብሽር ልጄ» ብለው እጄን መለሱት። ወረቀቱን ግን ዝም ብለው አጥፈው አላስቀመጡትም። መነጽራቸውን አውጥተው ከፓስፖርቱ ጎን አስቀምጠው ቁጥር በቁጥር በጣታቸው አስተያዩት። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ለሌላ ጉዳይ መጥተው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ከፕሪንተሩ ገና ሳይወጣ አጎንብሰው መጀመሪያ ያዩት ዓመቱን ነው።